ቆማ የምትበላ እናት

«ሆምስኩል» የሚለውን ቃል እኛ ቤት ያስገባችው ታላቅ እህቴ ናት። እማዬ ቃሉን መጀመሪያ ስትሰማ «ውይ ልጆቼን! ምን አጥፍተው አባረሯቸው?» ብላ ደነገጠች። አይፈረድባትም። እኛ ጋ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ወይ ሲታመም፣ ወይ ሲባረር፣ ወይ የሚከፈል ሲጠፋ ነው። እናት ወድዳ፣ ያውም አሜሪካ ተቀምጣ፣ ያውም ነፃ የመንግሥት ትምህርት ቤት አፍንጫዋ ሥር እያለላት «ልጆቼን እኔው አስተምራለሁ» አለች ቢባል ማን ያምናል?

እታለም (ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንዲህ ነው) የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ሦስት ልጆች አሏት፤ የአሥራ አንድ፣ የስምንትና የአምስት ዓመት። ባሏ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይተኛል። በማርች 2020 ኮቪድ የቨርጂኒያን ትምህርት ቤቶች ሲያዘጋ ትልቁ ልጅ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበር። በሮቹ ተመልሰው ሲከፈቱ የሰው ልጅ ሁሉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ፤ የእሷ ቀረ። ብቻዋን ግን አልነበረችም። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው ጥናት፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች መካከል ቤት ውስጥ የሚያስተምሩት በ2020 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ 5.4 በመቶ ነበሩ፤ ጥቅምት ላይ 11.1 በመቶ ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድማ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ነው የዘለለው።

ምክንያቷን ስጠይቃት ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው እምነት ነው። ልጆቿ ጸሎትን ከመኝታ በፊት በችኮላ የሚደረግ ነገር አድርገው እንዳይወስዱት ትፈልጋለች። ሁለተኛው ምሳ ነው። አዎ፣ ምሳ! ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፤ የትምህርት ቤቱ ትሪ ላይ ደግሞ አይብ የተጋገረበት ፒዛና ወተት። «ልጄ በሰባት ዓመቱ የጓደኞቹን ትሪ እያየ ተርቦ ከሚውል፣ እዚሁ አጠገቤ ሽሮውን ይብላ» አለችኝ።

ሕጉም ቢሆን ዝም ብሎ አይለቅም። የቨርጂኒያ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዘርዝሮ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ማሳወቅ አለበት። በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን በፈተና ውጤት ወይም በግምገማ ያሳያል። እታለም ይህንን «በየዓመቱ ሚኒስትሪ» ትለዋለች።

መማሪያ ክፍሉ የት መሰላችሁ? ኩሽና። ስልኳን የበርበሬው ብርጭቆ ላይ ታስደግፈዋለች፤ እኔም እዚህ አዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቢሮ ቡናዬን ይዤ እቀላቀላለሁ። እዚያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ክፍልፋይ የሚማሩት በእንጀራ ነው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ። እርሾው ሲነሳና አረፋ ሲያወጣ የሳይንስ ትምህርት ይሆናል፤ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ዱቄቱን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ፣ የእንጀራው ዓይንም የዚያ ጋዝ ሥራ ነው። ጂኦግራፊውም ከጤፉ ይጀምራል። ኢትዮጵያ በ2006 ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች፤ አሜሪካኖቹ ግን ከዚያ ቀደም ብለው አይዳሆ በሚባል ግዛት ይዘሩት ነበር። ምጣዱ ራሱ አንድ ምዕራፍ ነው። ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች «ሌፍሰ» የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው፤ ሐበሻ አገኘውና እንጀራ አደረገበት።

በጣም የሚያስቀኝ የአማርኛ ክፍለ ጊዜው ነው። የስምንት ዓመቷ ልጅ የአያቷን ሽሮ አሠራር በስልክ ጠይቃ እንድትጽፍ ታዘዘች። «አያቴ፣ ዘይቱ ስንት ማንኪያ ነው?» «ኧረ እጅሽ ያውቀዋል የኔ ልጅ።» «ውኃውስ?» «እስኪበቃው።» «ስንት ደቂቃ ይበስላል?» «ሽታው ይነግርሻል።» ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ማሚ፣ አያቴ መልስ የላትም» አለች።

እታለም ግን ልክ አላት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውኃ ታቁላላለች፤ ዘይቱ በኋላ፣ በማንኪያ ተቆጥሮ ይገባል። እኛ ሠፈር የጾም ወጥ ዘይቱ ላዩ ላይ ካልተንሳፈፈ ወጥ አይባልም፤ እሷ ቤት ግን ዘይት ያሽታል እንጂ አይዋኝም። ምስር ስትሠራ አጠገቡ የቲማቲም ስልስ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ አይጠፋም፤ ቫይታሚን ሲ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳልና። በተቃራኒው ሻይና ቡና ምግብ ላይ ሲጠጡ ብረቱን ስለሚያግዱ ከምግብ ይርቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ላይ ጨዉን የምትመዝነው ያቺው የስምንት ዓመቷ ናት።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «ምን ዓይነት ጤነኛ ቤት ነው!» ይላል። እኔም እል ነበር። ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ግን እታለም ለዓመታዊ ምርመራ ሄዳ የደም ስኳሯ 5.9 ሆኖ ተገኘ። ይህ የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ውጤት ስኳር ሊጀምር ደጅ ላይ ቆሟል እንደማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት አዋቂዎች ቢያንስ አንዱ እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። «እኔ?» አለችኝ። «ቤቴ ለስላሳ አይገባም፣ ኬክ አይገባም፣ እንዴት እኔ?»

ሐኪሟ ምክንያቶቹን ደረደረላት። አባታችን ስኳር ነበረበት። ዕድሜ አለ። የእንቅልፍ እጥረት አለ። እንቅስቃሴ ማነስ አለ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ «ትናንት ምን በላሽ? መቼ?» እታለም ልጆቿ የበሉትን ቁርስ፣ ምሳና እራት አንድ በአንድ ነገረችው። የራሷን ግን ማስታወስ አቃታት።

እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁና ወሬ ማጣራት እወዳለሁ። ስልኩ ላይ ሆኜ መከታተል ጀመርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እህቴን ተቀምጣ ስትበላ አንድ ቀንም አላየኋትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የትልቁ ልጅ ሒሳብ፣ የትንሹ ልቅሶ፣ የባሏ ምሳ ዕቃ ይከተላል። ባሏ ወጥቶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ዕቃው ታጥቦ ሲያልቅ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ይሆናል። ያኔ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ፣ ከልጆቹ የተረፈውን እንጀራ፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ በሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ። «ቀኑን ሙሉ ምንም ስላልበላሁ» ትላለች። ጾም ባልሆነ ጊዜም የቀኑ ምሳዋ የልጆቿ ፍርፋሪ ነው።

ወዳጆቼ፣ ይህቺን ሴትዮ የማታውቋት እንዳይመስላችሁ። «እናንተ ብሉ፣ እኔ ቀምሼ ቀምሼ ጠግቤያለሁ» የሚለው ድምፅ በየትኛው ቤት ያልተሰማ ነው? በጾም መቅመስ ሲከለከል ደግሞ «ሽታው አጠገበኝ» ይሆናል። እማዬ እንዲህ ነበረች። እታለም አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ፣ በርበሬውንና ምጥን ሽሮውን ይዛ ስትሄድ ይህንንም በሻንጣዋ ይዛው ሄደች። እኛም ይህንን «ደግነት» ብለን አመስግነን እንቀበላለን። ትምህርት ቤት ያለ መምህር እንኳ ደወል አለው፤ ሲደወል ጠመኔውን ጥሎ ምሳውን ይበላል። ቤት ለምታስተምር እናት የሚደውልላት ማን ነው?

በ2002 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነበር፤ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት። ስኳር ደጃቸው ላይ የቆመባቸው ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶውን ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ዕቅድ ይዘው ሲሠሩ፣ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ይህንን በደስታ ሳነብላት እታለም ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ 150 ደቂቃውን ከየት ላምጣው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያመጡት ተማሪዎቿ ናቸው። እታለም ለትምህርት ኃላፊው በላከችው ዝርዝር ውስጥ «ጤና» የሚል ትምህርት አለ። በዚያ ክፍለ ጊዜ «ቤተሰባችን ሲበላ» የሚል ሥዕል አዘዘቻቸው። የስምንት ዓመቷ ልጅ ሥዕሏን ወደ ስልኩ አስጠግታ አሳየችኝ። ጠረጴዛ አለ። አባት፣ ሁለት ወንዶች፣ አንዲት ሴት ልጅ፤ አራት ወንበር፣ አራት ሳህን። እናትየዋ ምድጃው ጋ ቆማለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። «ማሚ ሳህን የላትም?» አልኳት። «ማሚ እኮ አትበላም» አለችኝ፤ የፀሐይን መውጣት እንደምትናገር ያህል በእርግጠኝነት። እታለም ማማሰያዋን ይዛ ቀረች።

ለካ ዋናው ትምህርት ሲሰጥ የከረመው በዚህ በኩል ነው። ክፍልፋዩንም እርሾውንም ተምረዋል። ከዚያ በላይ ግን ልጅቷ አንድ ቀን እናት ስትሆን የምትቆምበትን ቦታ፣ ወንዶቹ ደግሞ ሚስታቸው የምትቆምበትን ቦታ ተምረዋል።

በማግስቱ እታለም የንስሐ አባቷ ጋ ደወለች። የሐኪሙን ወረቀት ሰምተው፣ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ራሱ እንደሚያዝን አስረድተው፣ የጾም ምግብ እየበላች በስድስት ሰዓት እንድትቀምስ ፈቀዱላት። «ራስን መርሳትና ጾም አንድ አይደሉም ልጄ» አሏት። ከዚያ ልጆቹ ሕግ አወጡ። ሕጉ አንድ መስመር ነው፤ ማሚ ሳትቀመጥ ማንም አይቆርስም። አራቱ ሳህኖችም ቀርተው በአንድ ገበታ መብላት ጀመሩ። የገበታ ጥቅሙ ይኼ ነው፤ አንድ ሰው ሲጎድል ወዲያው ይታያል። ትንሹ ልጅ ደወል ሆኗል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ድስት በማንኪያ ይደበድባል። የእግር ጉዞውም «ስፖርት» ተብሎ ፕሮግራሙ ውስጥ ገባ፤ በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ አራቱም አንድ ላይ። አምስት ጊዜ ሠላሳ ስንት እንደሆነ ትልቁ ልጅ ያውቃል።

አሁን ሁልጊዜ ይሳካላታል ብዬ አልዋሽም። ባለፈው ሳምንት ስደውል ቆማ እየጎረሰች ነበር፤ ስታየኝ ሳቀችና ወንበር ሳበች። እኛም እዚህ ስለ ጤና ስናወራ ጂም፣ አቮካዶ፣ ቺያ እንላለን፤ ፎቶውንም እንለጥፋለን። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን የቤታችሁን ጤና ማወቅ ከፈለጋችሁ ፍሪጁን ትታችሁ ወጡን የሠራችውን ሰው ተመልከቱ። መቼ በላች? ምን በላች? ተቀምጣ ነው ወይስ ቆማ? «ጠግቤያለሁ» ስትላችሁም ቶሎ አትመኗት።

የእታለም ቀጣይ ምርመራ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቸር ያሰማን።