ድኽነት የስንፍና ፍሬ ነውን ወይስ የጊዜ መከራ?

ስለ ድኽነት በሚነጋገሩ ሰዎች ዘንድ ሁለት ዐሳብ ሲነገር እንሰማለን። እኩሌቶቹ ድኻ ድኻ የሆነው ስለ ሰነፈ ነው፥ ቢተጋና ቢቈጥብ ኖሮ ከሰው እኩል በሆነ ነበር ይላሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ ዕድሉ ነው፥ ፈጣሪ የጻፈበትን ማን ይፍቀዋል ብለው ነገሩን ይዘጉታል። የፊተኛው ዐሳብ የጠገበውን ሰው ያስመካል፤ የኋለኛው የተራበውን ሰው እጅ ያስራል። እኛ በትክል ድንጋይ መዝገብ ስናገላብጥና የባለ ጉዳይ ቃል ስንጽፍ ብዙ ዘመን ስለ ቈየን፥ ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደ ሆነ በዐይናችን ከምናየው ነገር ልንመረምረው ወደድን።

ትክል ድንጋይ ከጎንደር ወደ ሰሜን ሲሄዱ በላይ አርማጭሆ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገዱ በርሷ በኩል አልፎ ወደ ሳንጃ፥ ከዚያም ወደ ሑመራ ቈላ ይወርዳል። በደጋው ያለው እርሻ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ስለ ጠበበ፥ ሰላም ሆኖ መንገድ በተከፈተ ዓመት ጎልማሳው በክረምት ለአረም፥ ክረምቱም ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ መውረድ ልማዱ ነው። ሰሊጥ በደረሰ ጊዜ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ተከፍቶ እህሉ መሬት ላይ ስለሚረግፍ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ማጨድ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ባለ እርሻው ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ የደጋው ልጅም ጉልበቱን ይሸጣል። ቤቱን ትቶ፥ ስንቁን ቋጥሮ፥ የቈላውን ሐሩር ታግሦ፥ ከንጋት እስከ ማታ ጐንበስ ብሎ የሚያጭደውን ይህን ሰው ሰነፍ ብሎ የሚጠራው ማን ነው?

ነገር ግን በዚያ ቈላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። በጥቁር አፈር ንቃቃትና በግራር ዛፍ አጠገብ ትኖራለች፤ የምትነድፈውም ይልቁንም በማታና በሌሊት ነው። ሠራተኛው ደግሞ ቤት ስለሌለው በሜዳ ወይም በግራር ሥር ያድራል። ከዚህ በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፥ ሥጋው ይመነምናል፥ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በሽታው የሚገለጠው ከተነደፈ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለ ሆነ፥ ሰውየው ታሞ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ወደ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ጎረቤትም የመከራውን ምክንያት ስለማያውቅ፥ ገንዘቡን በመጠጥ ጨርሶ ሰውነቱን አበላሸ እያለ ያማዋል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ይኸው በሽታ በተገለጠ ጊዜ ሰዎቹ አስቀድመው መድኃኒት የማይበግረው ወባ የያዛቸው መስለው ነበር፤ በሽታውንም ከቈላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ተገመተ። ዛሬ በሁለት ዐይነት መርፌ በ17 ቀን የሚፈጸም ሕክምና አለ፤ በጎንደርም ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምና ስፍራ ተቋቁሟል። ዳሩ ግን 17 ቀን የተኛ ሰው 17 ቀን አይሠራም፤ አስታማሚውም እንዲሁ።

እንግዲህ ብድር ወደዚህ ቤት የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ወስኗል። አራጣ አበዳሪው ግን ብልህ ነውና ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ ያጽፈዋል፤ 5 ሺሕ ብር የተቀበለው ሰው 10 ሺሕ ተቀበልሁ ብሎ ይፈርማል። ወረቀቱ በዳኛ ፊት በቀረበ ጊዜ ተበዳሪው እያለቀሰ እውነቱን ይናገራል፤ ነገር ግን እንባ ማስረጃ ሆኖ በመዝገብ አይጻፍም።

በዚህ ስፍራ የሰው የራሱ ኀላፊነት በግልጥ ይታያል። አንዱ ተበዳሪ ብቻውን ሄዶ፥ ሳያስነብብ፥ ሚስቱንም ሳያማክር አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል። ሌላው እንደርሱ ድኻ ሲሆን ማንበብ የሚያውቅ የወንድሙን ልጅ ይዞ ይሄዳል፤ የተቀበለውን በምስክር ፊት ይቈጥራል፤ ከቤቱም መክሮ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይበደራል። ሁለቱም አንድ በሽታ አግኝቷቸዋል፥ ዕዳቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ዕድል ነው የሚለው ሰው ከዚህ ላይ ተሳስቷል።

ጊዜ ሰውን እንዴት እንደሚጥል ለማወቅ ደግሞ የአገራችንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። በዚያው ወራት በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በየአገሩ ተሠራጭቶ በሬውን ፈጀው፤ ከዚያም ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብ ሆነ። ትናንት ባለ ጥማድ የነበረው፥ ጎበዝ የተባለው ገበሬ በአንድ ዓመት ለማኝ ሆነ። ይህ ሰው ምን አጠፋ? ዳግማዊ ምኒልክ ግን በዚያ ጊዜ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ። ንጉሥ ሲቈፍር ያየ ሰው በዶማ መቈፈርን ያፍርበታልን? የበሬውን ሞት ማንም በትጋቱ ሊከለክለው አልተቻለውም፤ ዶማውን ማንሣት ግን ለሰው የቀረለት ድርሻ ነበር። ያንም ድርሻ ያቀለለለት የበላዩ ሰው አብሮት ማጐንበሱ ነው።

በትምህርትም በኩል ነገሩ እንዲሁ ነው። እኛ በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን በየደጁ ስለ እመቤታችን ስም ብለን ስንለምን ኖረናል። ከጓደኞቻችን መካከል በርትተው እስከ ቅኔና እስከ መጻሕፍት የዘለቁትን ሰው ሁሉ፥ በትጋታቸው ወጡ ይላቸዋል። እውነት ነው፥ ሌሊት ተነሥተው ያጠኑት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ለራሷ ሳይተርፋት በየማታው ቁራሽ ታወጣላቸው የነበረች ባልቴት ባትኖር ትጋታቸው ከሦስት ቀን ባላለፈ ነበር። እኛንም በኋላ ሚሲዮኖች ባቆሙት ትምህርት ቤት ያለ ዋጋ ያስተማሩን ባይኖሩ፥ ዛሬ ብዕር በመያዝ ፋንታ ማጭድ ይዘን ሑመራ በወረድን ነበር። ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ድልድዩን ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሠርቶለታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ድኽነት የማን ጥፋት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ሰውን ሁሉ በችሎታው ልክ መጠየቅ ነው እንላለን። ወደ ቈላ የሚወርደው ጎልማሳ ሊያደርገው የሚችለው አለ። አጎበር ይዞ ይውረድ፤ ደመወዙን በመንገድ ጠጅ ቤት ሳይሆን ከሚስቱ ፊት ይቍጠር፤ ትኩሳት የያዘው እንደ ሆነ ከቈላ መመለሱን ለሐኪም ይንገር፤ ያላነበበውን ወረቀት አይፈርም። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ቢቀር ሊነቀፍ ይገባዋል።

ነገር ግን እርሱ በግራር ሥር የሚያድር መሆኑን እያየ መጠለያ የማይሠራለት ባለ እርሻ፥ የሠራተኛው ላብ ካስገኘለት ትርፍ ጥቂቱን ቢያወጣ አይከብደውም ነበርና ጥያቄው በርሱ ላይ ይበረታል። በሥልጣን ላይ ያለ ሰውም ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዳለው፥ የአራጣው ወረቀት እንደ ተመረመረ፥ የድኻው ቀጠሮ ያለ ምክንያት እንዳልተላለፈ ይጠይቅ። ቀጠሮ በተላለፈ ቍጥር ለኛ የቀን መለወጥ ብቻ ነው፤ ለቀን ሠራተኛው ግን በመንገድ የጠፋ የቀን እንጀራ ነው።

ድኻ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ብለው አባቶች ተርተዋል። ተረቱ ያስቃል፤ ነገር ግን ድኻው በዚህ ኑሮ ውስጥ ሆኖ ተስፋ አለመቍረጡንም ይመሰክራል። ያን ተስፋ ይዞ ማጭዱን ስሎ ወደ ቈላ ለሚወርድ ሰው ስንፍናውን የምንቈጥርበት ጊዜ ባይተርፈን መልካም ነው።