«ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው»

ስለ ፋይልና ፎልደር ልጽፍ ነው ስል አንድ ባልደረባዬ «ሌላ የሚጻፍ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ደመወዝ ወር በማያደርስበት ዘመን ስለ ኮምፒውተር ፎልደር ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ነገርዬው የሰው እንጀራ ድረስ ሲሄድ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አስቀድሜ ልናገር፦ የአይሲቲ መምህር አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ኮምፒውተር የለመድኩት ማርክ ሊስት ስሞላና ፈተና ስጽፍ ነው። ስለዚህ ይህ የባለሙያ ትምህርት ሳይሆን የተጠቃሚ ወሬ ነው።

ስታፍ ውስጥ ለሁላችን የምታገለግል አንዲት ኮምፒውተር አለች። የዴስክቶፑ ሥዕል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በፋይል ተሸፍኗል። «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ኒው ፎልደር 3» እያለ ይቀጥላል። «ፈተና» አለ፣ «ፈተና ፋይናል» አለ፣ «ፈተና ፋይናል የመጨረሻ» አለ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ «ትክክለኛው ይሄ ነው» የሚል አለ። ባለቤቱን «ፈተናህ የቱ ጋ ነው?» ብትሉት የሚሰጣችሁ መልስ «ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው፣ በስተግራ፣ ከቪኤልሲ ሥር» የሚል ነው።

ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም። በከተማችንም አድራሻ የምንነጋገረው እንዲሁ ነው። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ» እንላለን። ወፍጮ ቤቱ እስካለ ድረስ ይሠራል። የፈረሰ ዕለት ግን እንግዳው ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ይመሻል። ኮምፒውተሩም ላይ አንድ ሰው ቀኝ ክሊክ አድርጎ «በስም ደርድር» ካለ በቃ፣ ቪኤልሲም ቦታውን ለቀቀ፣ ፈተናውም ጠፋ። እውነቱን ለመናገር የትም አልሄደም፤ አድራሻ ስላልነበረው ነው።

ተማሪዎቻችን ደግሞ የባሰ ነገር ላይ ናቸው። አንዷን ተማሪ «አሳይመንቱን የት ሴቭ አደረግሽው?» ብዬ ብጠይቃት «ዎርድ ላይ» አለችኝ። «ዎርድ ላይ የት?» ስላት ግራ ገባት። አልፈረድኩባትም። ያደገችው በስልክ ነው። ስልክ ፎልደሩን ይደብቃል፤ ፎቶ ጋለሪ ውስጥ ነው፣ ዘፈኑ ማጫወቻው ውስጥ ነው፣ መጽሐፉ ቴሌግራም ላይ ነው። ፋይል ማለት አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠ ዕቃ እንደሆነና ዎርድ ደግሞ ዕቃውን መክፈቻ እንጂ ማስቀመጫ እንዳልሆነ የነገራት የለም። እኛ ወላጆችና መምህራን «ይሄ ትውልድ ቴክኖሎጂ ያውቃል» ብለን አልፈናታል።

ለእሷ ክፍል ያስረዳሁት በጂኦግራፊ ነው። ክልል አለ፣ ዞን አለ፣ ወረዳ አለ፣ ቀበሌ አለ፣ መጨረሻ ላይ የቤት ቁጥር አለ። ድራይቩ ክልሉ ነው። ትልቁ ፎልደር ዞን፣ በውስጡ ያለው ወረዳ፣ ከዚያ ቀበሌ፣ ፋይሉ ደግሞ የቤት ቁጥሩ ነው። «ዲ ድራይቭ፣ 2017፣ 10ኛ ክፍል፣ ጂኦግራፊ፣ 1ኛ ሴሚስተር ፈተና» ካልኩ ማንም ሰው እኔን ሳይጠይቅ ይደርስበታል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ እኔን ሳይጠይቅ! ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ይሞታል።

አሁን ወደ እንጀራው ልምጣ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪ ትራንስክሪፕት ፈልጋ መጣች። አንድ ቦታ የቅጥር ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ሙሉ ውጤት አምጪ ተብላለች። የሦስቱ ዓመት ተገኘ። የ2010 ዓ.ም፣ የ10ኛ ክፍል ሮስተር ግን የለም። ወረቀቱ የተቀመጠበት ክፍል ጣሪያው አፍስሶ ብዙ ዶሴ በስብሷል። ኮምፒውተር ላይ የነበረው ደግሞ ማሽኑ «ስለዘገየ» ለጥገና ተወስዶ ፎርማት ተደርጎ ነው የተመለሰው። የዚያን ጊዜ ሥራውን የሚሠራው ሰው ተዛውሯል። ስልክ ተደወለለት። «እኔ እኮ በሥርዓቱ ሞልቼ ነው የሄድኩት፣ ዴስክቶፕ ላይ ነበር» አለ። ልክ ነው፣ ዴስክቶፕ ላይ ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፦ ዴስክቶፕ ማለት ራሱን የቻለ ቦታ አይደለም። አብዛኛው ማሽን ላይ ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ በተጠቃሚው ስም ሥር የተቀመጠ አንድ ፎልደር ነው። «ዶክመንትስ»ም እንደዚሁ። «ዳውንሎድስ»ም እንደዚሁ። ዊንዶው በአዲስ መልክ ሲጫን የሚጠረገው ሲ ድራይቭ ስለሆነ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። ጠጋኙ «ዲው አልተነካም» ብሎ ሲመልስላችሁ እውነቱን ነው፤ ግን ዲው ውስጥ ምን ነበራችሁ? ብዙ ጊዜ ፊልም ብቻ!

ልጅቷ ለቀናት ተመላለሰች። ኮሪደር ላይ ቆማ ሳያት ያሳፍረኝ ነበር፤ እንደ ተቋም ማለቴ ነው። አራት ዓመት ተምራ፣ ተፈትና፣ አልፋ፣ እንዳልተማረች ሆና ቆመች።

በመጨረሻ አንድ ሰው «የክፍሉ ሆም ሩም ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ተደወለላቸውና በማግሥቱ ከቤት ቁልፋቸው ጋር የታሰረች አሮጌ ፍላሽ ይዘው መጡ። ሰኩት። ውስጡ ያሉት ፎልደሮች ስማቸው ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው። 2010 ተከፈተ፣ «10ኛ ሐ» ተከፈተ፣ «ሮስተር» ተከፈተ። ሁለት ፋይል አለ፤ አንዱ ኤክሴሉ፣ ሌላው የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶ። ስሙ «2010-10ሐ-2ኛ ሴሚስተር-ሮስተር-የተፈረመ» ይላል። ከተሰካ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት አስቀመጡት?» ስንላቸው ሳቁና «እኔ አስተማሪ ከመሆኔ በፊት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ» አሉን።

ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ከተረፈው ወረቀት ጋር ተመሳከረ፣ ትራንስክሪፕቱ ተሰጣት። ደስ ብሎን ነበር። ግን የማስታወቂያው ቀን ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ሌላ ማስታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅ ነው ዕጣዋ። ማንም ክፉ ሰው የለም በዚህ ታሪክ ውስጥ። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። የጎደለው አድራሻና ሁለተኛ ቅጂ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ መዝገብ ቤት ብዙ አሰብኩ። ማንኛውንም የመንግሥት ደብዳቤ ተመልከቱ። በቀኝ በኩል ከላይ «ቁጥር» አለ፣ ከሥሩ «ቀን» አለ። ከታች «ግልባጭ» አለ። ቁጥሩ አድራሻ ነው፣ ቀኑ ቅደም ተከተል ነው፣ ግልባጩ ደግሞ ዛሬ ባክአፕ የምንለው ነው። አያቶቻችን ያለ ኮምፒውተር ይህን ያውቁ ነበር። እኛ ማሽኑ ሲመጣ ማሽኑ ያስታውስልናል ብለን ልማዱን ጣልነው። ማሽኑ ግን የሰጠኸውን ነው የሚይዘው፤ «ኒው ፎልደር 3» ካልከው «ኒው ፎልደር 3» ብሎ ይጠብቅሃል።

እንግዲህ በተግባር የሚጠቅመኝን ላካፍላችሁ።

1ኛ፦ ቀን ስትጽፉ ከዓመቱ ጀምሩ። 2017-02-15 ብትሉ ፋይሎቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የወር ስም በፊደል ከጻፋችሁ ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ፊደል እንጂ አዝመራ አይደለም፤ ጥርና ታኅሣሥ ቦታቸውን ይለቃሉ። ወሩን ከ01 እስከ 13 ቁጥር ስጡት፣ ጳጉሜን 13 በሏት። በዝባዝ መስመር 15/02/2017 ብላችሁ ግን አትሞክሩ፣ ዊንዶው በፋይል ስም ውስጥ ያንን ምልክት አይቀበልም። ደግሞ ያስታውሱ፦ ማሽኑ ከፋይሉ ጎን የሚያሳያችሁ ቀን የፈረንጅ ነው። ስለዚህ የሐበሻውን እናንተ ስሙ ላይ ጻፉ፤ አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ።

2ኛ፦ ፊደል። ይሄ የእኛ የራሳችን ጣጣ ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ኃይሌ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን «ሀይሌ» ብላችሁ ብትፈልጉ «የለም» ይላችኋል። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፉት ደግሞ አንዱ ስም አራት ዓይነት ይሆናል። ፈልጌ አገኘዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። የተማሪ ስም ላይ ከሆነ የመለያ ቁጥሩን ጨምሩበት፤ ቁጥር ሁለት ዓይነት አጻጻፍ የለውም።

3ኛ፦ የድሮ የግዕዝ ፎንት። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፈተናዎቻችን የተጻፉት በድሮዎቹ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ የፈረንጅ ፊደል ዝርግፍ ይሆናሉ። ብዙ ሰው «ቫይረስ በላው» ብሎ ያጠፋዋል። አታጥፉ! ፎንቱ ያለበትን ማሽን ፈልጋችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት።

4ኛ፦ ፍላሽ። ፎልደራችሁ ፍላሽ ላይ «ጠፍቶ» በምትኩ ሾርትከት ብቻ ከታያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም። ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ፎርማትም አታድርጉ፤ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ አብርታችሁ ወይም የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ ተመልከቱ። ፋይል ወደ ፍላሽ ስትወስዱ ደግሞ «ከት» አታድርጉ፤ ኮፒ አድርጉ፣ ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ዋናውን ማጥፋት ካለባችሁ አጥፉ። ከፍላሽ ላይ ያጠፋችሁት ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ አይጠብቃችሁም።

5ኛ፦ ግልባጭ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኔ አንዱን ኮምፒውተሩ ዲ ድራይቭ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ቴሌግራም ላይ ለራሴ በምልከው መልእክት አስቀምጣለሁ። የተማሪ ውጤት ከሆነ ግን በይለፍ ቃል ቆልፌ ነው የምልከው፤ የሰው ምስጢር ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ በየመሐሉ ኮንትሮልና ኤስ መጫን ጸሎት ነው።

6ኛ፦ አንድ ሰው ይወቅ። ፋይላችሁ የት እንዳለ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ ወይም ባልደረባችሁ ይወቅ። ሥርዓት ለራስ ብቻ ከሆነ ግማሽ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቻችን የሟች ወላጆቻችን ፎቶ፣ የልጆቻችን የክርስትና ወይም የሰርግ ቪዲዮ አንዲት ላፕቶፕ ውስጥ፣ «ዲሲአይኤም» በሚባል ፎልደር፣ ቁጥር ብቻ በሆነ ስም ተቀምጧል። ላፕቶፗ ስትወድቅ የሚወድቀው ዕቃ ብቻ አይደለም።

ከአቅም በላይ ሥራ አልሰጠኋችሁም። በዚህ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ስጡት። ዲ ድራይቭ ላይ በዓመተ ምሕረት አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ከዴስክቶፕ ላይ በጣም የሚያስፈልጋችሁን አሥር ፋይል ብቻ መርጣችሁ በሙሉ ስማቸው አስገቡ። የቀረው ቀስ ይላል። መምህራን የሆናችሁ ደግሞ የፈረማችሁበትን ሮስተር ዛሬውኑ ፎቶ አንሡ። ከስምንት ዓመት በኋላ በሩ ላይ የምትቆመው ልጅ ማን እንደሆነች አታውቁም።

እናንተ ቤት «ፋይናል የመጨረሻ»ው ስንት ደርሷል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቸር ሰንብቱ።