ቦራ በላስታ መንገድ

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1962 ዓ.ም. ያገለገለች ላንድሮቨር በገዙ ጊዜ ዘመዶቻችን «ገብስ የማትበላ በቅሎ» እያሉ ሣቁባቸው። መኪናይቱ አረንጓዴ ነበረች፤ ኮፋኖዋ ግን ከሌላ መኪና የተወሰደ ነጭ ስለ ነበረ፣ ግንባሩ ነጭ እንደ ሆነ ፈረስ «ቦራ» ተባለች። ታናናሾቼ ለክርስትና፣ እኅቴም ለሠርጓ የሄዱት በእርሷ ነው።

አባቴ እናቴን በቦራ ላሊበላ አድርሰው የልደትን በዓል ሊያስከብሯቸው ተስለው ነበር። ነገር ግን ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና በተሠራ ጊዜም በላስታ ጦርነት ነበረና፣ ስእለታቸውን ሳያደርሱ በ1979 ዓ.ም. ዐረፉ።

ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሠራ፣ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በልክ ይታደል ስለ ነበረ፣ አካሉን በአሉሚኒየም አደረጉት። ያው ዘር እየተሻሻለ እስከ ጥር 2008 ዓ.ም. ድረስ ተሠርቷል። ስለዚህም የቦራን ገላ ዝገት አልነካውም፤ ከሥር የተሸከማት ሻንሲ ግን ብረት ነው። በ2011 ዓ.ም. መካኒኩ «ከእንግዲህ ብየዳ አይይዛትም» ቢለኝ፣ 78 ዓመት የሞላቸው እናቴ «እንግዲያው የአባትህን ስእለት ታድርስና ትረፍ» አሉ። አኹን ሳስበው ድፍረት ነበር።

እስከ ወልድያ ያለውን 520 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሁለት ቀን ጨረስን። ወደ ድልብ የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር ቦራ ማቃሰት ጀመረች። በደጋው ገብሱ ታጭዷል፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጋሸና ላይ ታጥፈን ወደ ላሊበላ የሚወስደውን 64 ኪሎ ሜትር ስንይዝ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ስንቃቸውን ያዘሉ እግረኞች ምእመናን መንገዱን ሞልተውት አገኘን። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ስንቆም እነርሱ ይቀድሙናል፤ ስንነሣ እኛ እንቀድማቸዋለን። በአራተኛው ጊዜ አንዲት አሮጊት ከኮዳቸው ለራዲያተሩ ውኃ ሰጡንና፣ «የእኔም ጉልበት እንደርሷው ነው» ብለው ሣቁ። እናቴም ወርደው ከእርሳቸው ጋር እየተጨዋወቱ በእግራቸው ሄዱ፤ እኔ በአንደኛ ማርሽ ከኋላ ተከተልኋቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፊታችን እየጎላ መጣ።

ስለ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎች ጽፈዋልና አልደግመውም። ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይ በዐለቱ ጫፍ፣ ከታችም በዐጸዱ ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲያዜሙ፣ እናቴ በአባቴ ስም ጧፍ አበሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ብዙ አልተናገሩም።

በመልሳችን ወልድያ እንደ ገባን ሻንሲው ተሰነጠቀ። ጋራዥ ያለው አንድ ሰው ለመለዋወጫ ሊገዛት ተስማማ። እናቴ ከመሪው አጠገብ ተለጥፎ የኖረውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ቀስ ብለው አነሡ፤ ፀሐይ ያልደረሰበት ቀለም እንደ አዲስ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ማነቬላውንም ከወንበሩ ሥር አውጥተው ለሰውዬው ሰጡትና፣ «ጧት ጧት ብርድ ነውና አትቸኩልባት፤ ሁለት ጊዜ በቀስታ አዙርላት፤ በሦስተኛው ትነሣለች» አሉት።

ሰውዬው በሯን ሊፈታ መፍቻ ይዞ ነበር። ከኋላው ሸሸግ አደረገና «እሺ፣ እናቴ» አለ።