ሜዳና ሰሌዳ

ተማሪዎች ሆይ፤ እናንተ በምትገኙበት ዕድሜና የትምህርት ደረጃ ያለ ወጣት ሁሉ «ወደፊት ምን ልሁን?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። መጠየቁም መልካም ነው። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን የሚመኘው ብዙ ነው፤ «ሰዎችን በተራራና በሐይቅ ዳር እየመራሁ፣ እየተዝናኑ እንዲማሩ እያደረግሁ ልኑር» የሚለው ግን ጥቂት ነው። እኔ ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነኝ። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ አስተምራለሁ። የሙያዬ እኩሌታ በሜዳ፣ እኩሌታው ደግሞ በሰሌዳ ፊት የሚፈጸም ነው። እነዚህን ሁለት ሙያዎች አጣምሮ መማር ስለሚሰጠው ጥቅም፣ ስለሚጠይቀውም ኃላፊነት በዚህ ጽሑፍ ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በሁለት ዓይነት መንገድ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። አንደኛው መንገድ የትምህርቱን ዓይነትና የማስተማርን ጥበብ ጎን ለጎን ማስኬድ ነው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የነበረው ሥልጠና በዚህ መልክ የተዘጋጀ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ቅደም ተከተልን የያዘ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ መሠረት፣ ሠልጣኙ በመጀመሪያ በሦስት ዓመት የሙያ ዲግሪውን ይይዝ ነበር፤ ከዚያም አንድ ዓመት የማስተማርን ጥበብ ይማር ነበር። እኔ ያለፍሁት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ሦስት ዓመት የስፖርት ሳይንስ ስማር የሰውን አካል አሠራር፣ የልብን ምት፣ ዋናንና የመጀመሪያ ርዳታን አጠናሁ። በአራተኛው ዓመት ደግሞ የትምህርት ዕቅድን፣ የወጣቶችን ሥነ ልቡናና የምዘናን ዘዴ ተማርሁ።

በውጭ አገር ሁለቱን በአንድነት የሚያስተምሩ አሉ። በካናዳ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር በምትገኘው በተንደር ቤይ ከተማ ያለው ሌክሄድ ዩኒቨርሲቲ ከቤት ውጭ የሚደረግ መዝናኛንና መምህርነትን አጣምሮ በማስተማር ይታወቃል። ሐሳቡም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በጀርመን የተወለደው ኩርት ሃን የተባለ መምህር በዌልስ ጠረፍ፣ በአበርዶቪ፣ ለወጣቶች አንድ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። መርከባቸው ሲሰጥም ወጣቶቹ መርከበኞች በዕድሜ ከሚበልጧቸው ይልቅ ቶሎ ተስፋ እየቆረጡ እንደሚሞቱ ይታመን ስለ ነበር፣ በባሕርና በተራራ ላይ ጽናትን እንዲማሩ ለማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ ለባዕድ አገር ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ይጓዝ የነበረው የቆሎ ተማሪ ከመጽሐፉ ጋር መንገዱንም ይማር ነበር። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ማዕከል ሲያደርጉት፣ ደቀ መዛሙርቱ ከሩቅ አገር በእግራቸው እየተጓዙ ወደዚያ ይመጡ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከነርሱ አንዱ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ሐይቅ ከ700 ዓመት በላይ ተማሪ ሲቀበል የኖረ ነው። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ ግን፣ እኔ ክፍሌን ይዤ ስሄድ ታሪኩን ሁላችንም በአንድነት በሐይቁ ዳር ተቀምጠን እንማራለን፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ከትምህርቱ ጎድለው ደጅ ሊቀሩ አይገባምና።

ሐይቁ ራሱም የተገለጠ መጽሐፍ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተኝቶ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ወደርሱ ሲፈስ ኖሯል፤ ከርሱ ግን ወደ ውጭ የሚወጣ ወንዝ የለም። «እንግዲህ የገባው ውሃ የት ይደርሳል?» ብዬ ስጠይቅ፣ ትነት የሚባለውን ቃል ከመጽሐፍ ብቻ ያውቁት የነበሩት ተማሪዎች ቀና ብለው ፀሐይዋን ያያሉ።

ከዚያም ነጭ ሳሕን በገመድ አስረን ከጀልባ ላይ ቀስ እያልን ወደ ውሃው እናወርዳለን፤ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀትም በገመዱ ላይ ምልክት አድርገን እንለካለን። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ከተደረገ ወዲህ የውሃው ጥራት እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዓሣው ጥቃቅኑን የውሃ እንስሳት ሲመገብ፣ እነርሱ ይበሉት የነበረው አልጌ ይበዛል ይላሉ። አንድ ሳሕንና አንድ ገመድ ይህን ያህል ያስተምራሉ። ነገር ግን ልብ በሉ! በጀልባው ስንት ልጅ ይሳፈራል? ዋና የማይችለው ከማን አጠገብ ይቀመጣል? ነፋስ ቢነሣ መቼ እንመለስ? ለነዚህ መልስ የሚሰጠው የሜዳው ሙያ ነው። ሳሕኑ ከመውረዱ በፊት ማን ይገምት? ግምቱና ልኬቱ ቢለያዩ ምን ይባላል? ለነዚህ ደግሞ የሰሌዳው ሙያ መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ልጆቹን በደኅና ወስዶ በደኅና ይመልሳቸዋል፤ ይሁንና እንደ ሄዱ ይመለሳሉ። ሁለተኛውን ብቻ የሚያውቅ ደግሞ መልካም ትምህርት እያስተማረ ልጅ ሊያሰጥም ይችላል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ስንሻገር አምባሰልን እናገኛለን። ለሙዚቃ ቅኝት ስሙን የሰጠው፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ወደ ግሸን ማርያም የሚጎርፉበት አገር ነው። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም በዚሁ ይገኛል። የሰዋስው ተማሪ በዚህ ስፍራ ቆሞ የ17ኛውን አንቀጽ ታሪክ ቢሰማ አይረሳውም፤ በአማርኛው ፈቃድን፣ በኢጣልያንኛው ግዴታን የሚያመለክት ሆኖ የተጻፈው ግስ ሁለቱን አገሮች እስከ ዐድዋ ጦርነት አድርሷቸዋልና።

በአንድ ወቅት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዤ በአምባሰል ተረተር ላይ ስወጣ፣ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት ልጅ ከሁሉ ቀድማ ትሄድ ነበር። የልብ ምት ስንቆጥር የኳስ ተጫዋቾቹ ልብ ሲደልቅ የርሷ ረጋ ያለ ሆኖ ተገኘ። የስፖርት ባለሙያ ብቻ ብሆን ኖሮ ቁጥሩን መዝግቤ ባለፍሁ ነበር። መምህርም ስለሆንሁ ግን ከማን ጋር ተራራ እንደምትወጣ ጠየቅኋት። «ከፍየሎቻችን ጋር» አለች። ቀጥላም በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ዕፀዋት ሁሉ በስም እየጠራች ታስረዳን ጀመር፤ ክትክታው ለእጀታ፣ እንዶዱ ለልብስ ማጠቢያ፣ ቀጋው ለተራበ እረኛ እንደሚሆን፣ ፍየል የቱን እንደምትወድድ፣ የቱንም እንደምትሸሽ። በማግሥቱ ጠመኔውን ሰጥቻት የዕፀዋቱን ስም በሰሌዳ ላይ ጻፈች። ከዚያ ቀን በኋላ እጅዋን ለማውጣት ፈርታ አታውቅም።

አባትዋ ግን ቅር ተሰኝተው ወደኔ መጡ። «መምህር፣ ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው እንጂ ተራራ ለተራራ እንድትዞር አይደለም፤ ተራራውንማ ከፍየሎቹ ጋር ጠግባዋለች» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ተራራውን ታውቀዋለች። እኔ የምሻው ያወቀችውን በቃልም በጽሑፍም ማስረዳት እንድትችል ነው» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያማ እኔም ልከተል፤ ከርሷ የማውቀው እኔ እበልጣለሁ» ሲሉ መለሱልኝ። በሚቀጥለው ጉዞ መንገድ መሪያችን እርሳቸው ሆኑ።

እንዲህ ያለው ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምን ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ሜዳውም ሰሌዳውም በአንድነት ተዘግተው ነበር። መንገዱ የማያስተማምን በሆነ ጊዜ ልጆችን ይዞ አለመውጣትም ከሙያው ግዴታዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል ይህን መንገድ ለመምረጥ የሚያስብ ካለ፣ ሦስት ነገሮችን እመክረዋለሁ። አንደኛ፣ ዋናንና የመጀመሪያ ርዳታን ከሁሉ በፊት ይማር፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና። ሁለተኛ፣ ባዮሎጂን፣ ጂኦግራፊንና ታሪክን አይናቅ፤ ሜዳ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ የትምህርት ዓይነት አይለይም። ሦስተኛ፣ ሁለቱን ሙያዎች በየተራ ቢማራቸውም እንኳ በልቡ አያለያያቸው። የሦስት ዓመቱ ትምህርት ልጆችን ከተራራው ጫፍ እንዴት እንደማደርስ አስተማረኝ፤ የአንዱ ዓመት ትምህርት ደግሞ ከደረሱ በኋላ ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው አሳየኝ። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድለኝ ኖሮ ያችን ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳላውቃት በቀረሁ ነበር። በእናንተም ክፍል፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ፣ እንደርሷ ያለ አንድ ሰው ተቀምጦ ይሆናልና ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።