አሥራ አንድ ከረጢት

ከወሊድ ፈቃድ ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ ፍሪጃችን ዝም አለ። መብራት ሄዶ መጣ፤ የውስጡ አምፖል ይበራል፣ ሞተሩ ግን ድምፅ የለውም። ፍሪዘሩ ውስጥ ሌሊት እየተነሣሁ ለልጄ ያለብኩት 11 ከረጢት የጡት ወተት አለ። (ዶሮውስ ይበላሽ!) ሶኬት ቀየርኩ፤ ስታቢላይዘሩን አየሁ፣ 220 ይላል። በሩን ልከፍት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ፤ «ተይ፣ ቅዝቃዜው ይወጣል!» እውነቷን ነው። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የእኛ ግን ግማሽ ስለነበር 24 ቢቆይ ነው።

ጠጋኙ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ከሞተሩ ጎን የተቃጠለች ትንሽ ሪሌይ አውጥቶ በአዲስ ቀየራት። ሞተሩ አጉረመረመ።

ዘጠኙ ከረጢት እንደ ድንጋይ ነው። በበሩ በኩል የነበሩት ሁለቱ ቀልጠዋል። የቀለጠ ወተት ዳግም በረዶ አይደረግምና ልጄ ያንኑ ቀን ጠጣቻቸው።