ጣና ዳር ቆሞ መጠበቅ

ባሕር ዳር የደረሰ እንግዳ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በጣና ላይ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ይህ ሐይቅ ማለዳ ሲያዩት እንደ መስታወት የረጋ ነው። ከደንገል የታሰረ ታንኳ በላዩ ሲንሸራተት ለተመለከተ ሰው፣ አንባቢ ሆይ፣ አደጋ የሚባል ነገር በሐሳቡ አይገባም። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፤ ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። የአገሩ ሰው ከጉዞ ሲመለስ ታንኳውን አውጥቶ በፀሐይ የሚያደርቀው ስለዚህ ነው።

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ሁለት መምህራን ባልደረቦቼ ክብራን ገብርኤልን ሊሳለሙ በማለዳ በታንኳ ሄዱ። «በ8 ሰዓት እንመለሳለን» ብለውኝ ነበር። እኔ ዋና ስለማላውቅ ከዳር ቀረሁ። 8 ሰዓት አለፈ፤ 9 ሰዓትም ሆነ። ሐይቁ ነጭ አረፋ ለብሷል፤ ስልካቸውም አይመልስም። ለሰው ልንገር ወይስ ጥቂት ልታገሥ? በደኅና ቢመጡ መሳቂያ እሆናለሁ፤ ባለጀልባውንም በከንቱ አደክማለሁ። እንዲህ እያልሁ በይሉኝታ አንድ ሰዓት አባከንሁ።

አጠገቤ ታንኳቸውን የሚያደርቁ አንድ ሽማግሌ ጭንቀቴን አይተው «ምን ሆነሃል ልጄ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«ስንት ሰዓት ዘገዩ ብለህ አትቁጠር፤ ሊጨልም ስንት ሰዓት ቀረው ብለህ ቁጠር። ከመሸ በኋላ ፈላጊውም ተፈላጊ ይሆናል» አሉ።

ጊዜው 10 ሰዓት ነበር፤ ለፀሐይ መጥለቂያ የቀረው 2 ሰዓት ያህል ብቻ። ሮጬ ሄጄ አንድ ባለሞተር ጀልባ ለመንሁ። ሰውየው ስንት እንደሆኑ፣ መቼ እንደሄዱ፣ በየት በኩል ሊመለሱ እንዳሰቡ ጠየቀኝ። የመጨረሻውን መመለስ አቃተኝ፤ አልጠየቅኋቸውም ነበርና።

ሊመሽ ሲል ከዘጌ ወዲህ ባለው ዳርቻ በደንገል መካከል ተገኙ። ነፋሱ ገፍቷቸው፣ ታንኳቸው ውሃ ጠጥቶ፣ በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። ባለጀልባው ያያቸው ነጭ ጋቢ ሲያውለበልቡ ነው። ጨልሞ ቢሆን ኖሮ ጋቢው ምን ይጠቅም ነበር?

አንባቢ ሆይ፣ ጣናን ሳያዩ አይቅሩ። ሲሄዱ ግን ከዳር ለሚቀረው ወዳጅዎ መንገድዎንና የመመለሻ ሰዓትዎን ይንገሩት፤ ሰዓቱ ካለፈ ሳያፍር ሰው እንዲጠራም አስቀድመው ይፍቀዱለት። ከዳር የሚቀሩት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ፀሐይዋን ይመልከቱ። ጓደኞች በደኅና መጥተው ቢስቁብዎ ሳቁ የአንድ ምሽት ነው።