ሕይወት የማን ናት?

ለንባብ፦ 1 ነገሥት 19፥1-8፤ ሮሜ 14፥7-8

ዛሬ ብዙዎቻችን በሹክሹክታ ብቻ የምናወራውን ጉዳይ እናንሣ፤ ራስን ስለ ማጥፋት፣ ደግሞም «ከስቃይ ይገላገል» ብሎ የታመመን ሰው ሕይወት ስለ ማሳጠር።

አምበር ላይ ከእኛ ጋር የምትጸልይ አንዲት እኅት አባቷ በካንሰር ታመውባት ነበር። ደብረ ማርቆስ ሲመላለሱ ቆይተው፣ በመጨረሻ ከእንግዲህ የሚያድን ሕክምና እንደሌለ ተነገራቸው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተጋድመዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችንን ገልጠን ስለ ትዕግሥት ማንበብ ስንጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «ዕድሜዬ እንዲረዝም ሐኪም ቤት ስታመላልሱኝ በእግዚአብሔር ሥራ ገባችሁ ያላችሁ የለም። እኔ ይጠርልኝ ስል ነው ኃጢአት የሚሆነው?»

መልስ አልነበረንም። ጸልየን ወጣን።

ጥያቄው ግን የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። ዴቪድ ሂዩም የተባለው የስኮትላንድ ፈላስፋ፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1777 በታተመ ጽሑፉ ይህንኑ ተከራክሯል፤ ሕይወትን ማሳጠር በፈጣሪ ሥልጣን መግባት ከሆነ ማስረዘሙም እንዲሁ ነው ይላል። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ፣ ሕጉ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ ሐኪም በሕመምተኛው ጥያቄ ሕይወቱን ሊያሳጥር ይችላል። በአገራችን ግን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ሌላው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ይቀጣል።

እኛ መልሱን ያገኘነው ከገበሬው ኑሮ ነው። የሰው ላም በአደራ የተቀበለ ያበላታል፣ ያጠጣታል፣ ስትታመም ያሳክማታል። ይህን ሲያደርግ ባለቤቱን አልተጋፋም፤ አደራውን ተወጣ እንጂ። ማረድ ግን የእርሱ ሥልጣን አይደለም። የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ብትሞትበት ደግሞ ገደላት የሚለው የለም። ሰው ከላም እጅግ ይበልጣል፤ አደራውም እንዲሁ። ስለዚህ ማስረዘምና ማሳጠር እኩል አይደሉም። የማይጠቅም ሕክምና ይቅርብኝ ማለትም ራስን መግደል አይደለም። ጳውሎስ በሕይወትም በሞትም የጌታ ነን ሲል፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነግሮናል።

በ2 ሳሙኤል 1 አንድ አማሌቃዊ ወደ ዳዊት መጥቶ፣ ሳኦል በጭንቅ ላይ ሆኖ ስለ ለመነው እንደ ገደለው ይናገራል። እንደ ራሱ አነጋገር ያደረገው ምሕረት ነው። ዳዊት ግን ምሕረት ብሎ አልተቀበለውም።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን እንመርምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት መቅደላ ላይ ራሳቸውን አጠፉ፤ እስከ ዛሬ በጀግንነት እንዘፍንላቸዋለን። የጎረቤታችን ልጅ እንዲሁ ሲሞት ግን እናቱን ቀና ብለን ማየት ያቅተናል። ንጉሡን እናወድሳለን፣ በድኻው ልጅ ላይ እንፈርዳለን። ሁለቱም የእኛ ሥራ አልነበረም። ድርጊቱ ትክክል አይደለም እንላለን፤ በዚያች ሰዓት በዚያ ሰው ልብ የነበረውን ጭንቀት ግን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ፍርዱን ለእርሱ ትተን እናቲቱን እናጽናና።

ኤልያስን ተመልከቱ። ከዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ። እግዚአብሔር የለመነውን አልሰጠውም፤ ነገር ግን አልተቈጣውም፣ ስብከትም አልጀመረም። እንቅልፍ ሰጠው። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ያውም ሁለት ጊዜ። መንገዱ እንደሚከብደው ያውቅ ነበርና።

ይህን ስናነብ አፈርን። እኛ ለእኒያ አባት ያደረስነው ጥቅስ ብቻ ነበር። ተመልሰን ሄድንና በዚህ ጊዜ መጽሐፉን ሳንገልጥ «አባታችን፣ ከሁሉ የከበደዎት ምንድን ነው?» አልናቸው። ሕመሙን አላስቀደሙም። ለሕክምናው ከጥማዱ አንዱ በሬ ተሸጧል፤ እርሳቸውን ለማስታመም የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀርቷል። «እኔ ሳልሞት እነሱ አይኖሩም» አሉ።

የሞት ጥያቄ ያልነው ለካ የሸክም ጥያቄ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በተራ ማደር ጀመርን፤ ልጁ ትምህርቱን ቀጠለ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ጎረቤት በደቦ መሬታቸውን አረሰ። ሐኪምም ለሕመሙ ማስታገሻ አዘዘላቸው። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የማይድነውን ሰው ስቃይ ያቀልላል፣ ብቻውንም አይተወውም።

ሕመማቸው አልዳነም፤ ከወራት በኋላ አረፉ። ግን ይጠርልኝ ማለታቸውን ትተው ነበር። ማታ ሲመሽ የሚጠይቁት ሌላ ነበር፦ «ዛሬ የማን ተራ ነው?»

ወገኖች፣ ሕይወት የእግዚአብሔር ናት ብሎ ለሚናገር ሰው ተራ አለው። ይህን የምታነብ አንተ፣ የምታነቢ አንቺ፣ መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ካለባችሁ ለብቻችሁ አትያዙት። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ እስኪነጋም አብሯችሁ እንዲቆይ ጠይቁት። ወደ ጤና ጣቢያም ሂዱ፤ ሐኪም ማየት እምነት ማጣት አይደለም።

ጌታ ሆይ፣ ለደከመው እንጀራና ዕረፍት ስጥ፤ እኛንም የምንሸከም አድርገን። አሜን።